የ1972ቱ ሆንዳ ሲቢ 750 የፊት ሹካ፦ የተበላ የብሎን ጥርስ በምን ይጠገናል?

ጥያቄውን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ውይይቱ 24 መልሶች ስላፈራና መካከሉ ላይ ብዙ ምልልስ ስላለበት፣ ተመሳሳይ ችግር ገጥሞት ለሚመጣ ሰው የተባለውን በቅደም ተከተል ልጽፍለት ተነሣሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በመክፈቻው ጽሑፌ ያስረዳሁት ይህን ነበር። በሜሪላንድ ግዛት በሲልቨር ስፕሪንግ እኖራለሁ፤ ለብዙ ጊዜ የተመኘሁትን የ1972 ሆንዳ ሲቢ 750 ባለፈው ዓመት ከአንድ አዛውንት ገዛሁ። ይህ ሞተር ሳይክል በ1969 ለገበያ ሲቀርብ አራት ሲሊንደሮች ጎን ለጎን የተደረደሩበት 736 ሲሲ ሞተርና የፊት ዲስክ ፍሬን ይዞ በመምጣቱ የዘመኑን ገበያ የለወጠ ነው። ክብደቱ ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ስለሆነ የፊት ሹካው፣ አንዳንዶቻችን ፎርቼላ የምንለው፣ የሚሸከመው ቀላል ጭነት አይደለም። በእያንዳንዱ የሹካ እግር ሥር የጎማውን ፔርኖ፣ ማለትም ጎማው የሚዞርበትን ዘንግ፣ ከታች አቅፎ የሚይዝ ማቀፊያ አለ፤ ማቀፊያውን ከአሉሚኒየሙ እግር ጋር የሚያያይዙት 8 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ራስ አልባ ብሎኖችና በእነሱ ጫፍ ላይ የሚጠብቁ ሁለት ዳዶዎች ናቸው። ጎማ ቀይሬ ፔርኖውን ስመልስ፣ በግራው እግር ላይ የኋለኛው ዳዶ ሳይጠብቅ ዝም ብሎ ዞረ፤ ጥቂት ቆይቶም ብሎኑ ራሱ ከነዳዶው ተነቅሎ በእጄ ቀረ። በብሎኑ ጥርሶች መካከል የአሉሚኒየም ፍቅፋቂ ተጠምጥሞበት ነበር፤ ስለዚህ የተበላው የብሎኑ ጥርስ ሳይሆን የእግሩ ጥርስ መሆኑ ግልጽ ነበር።

ጥያቄዬ ሦስት ክፍል ነበረው፤ እግሩ ይድናል ወይ፣ የሚድን ከሆነ በየትኛው ዘዴ፣ ሥራውንስ በቤቴ ጋራዥ ልሠራው እችላለሁ ወይ የሚል። ከጥያቄው ጋር አንድ አስተያየትም ጨምሬ ነበር፤ ሄሊኮይል የሚባለው የሽቦ ጥምዝ ጊዜያዊ ማስታገሻ እንጂ እውነተኛ ጥገና ስላልሆነ ምናልባት ሙሉውን እግር መለወጥ ይሻል ይሆናል ብዬ ጻፍኩ።

1ኛው መልስ ከዳላስ የመጣ ነው። ጸሐፊው በትሕትና ሰላምታ ካቀረቡ በኋላ፣ ጥገናው እስኪያልቅ ድረስ ሞተሩን ለአንድ መንገድ ያህል እንኳ እንዳላንቀሳቅሰው መከሩኝ። ምክንያታቸው ትክክል ነበር፤ በዚህ ሞዴል ላይ ያለው አንድ የፊት ዲስክ በግራ በኩል ስለሆነ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ጭነቱ የሚያርፈው በተጎዳው እግር ላይ ነው። ከአራቱ ብሎኖች ሦስቱ ደህና ናቸው ብሎ መጽናናት እንደማይገባ አሳሰቡኝ።

2ኛው መልስ ስለ ሄሊኮይል የያዝኩትን እምነት አፈረሰው። በስቶክሆልም የአውቶቡስ መካኒክ የሆኑት ጸሐፊ፣ ጥምዙ በአውሮፕላን የአሉሚኒየም ክፍሎች ውስጥ ገና ከፋብሪካው ሲወጡ የሚገባ እንጂ ለተበላ ቀዳዳ ብቻ የተፈጠረ ማስታገሻ እንዳልሆነ አስረዱ። አሠራሩን ከእሳቸው በፊት እንዲህ ያብራራልኝ ሰው አልነበረም። የተበላው ቀዳዳ በ8.3 ሚሊሜትር ፑንታ፣ ማለትም መብሻ፣ ይጸዳል፤ ቀጥሎ ለዚሁ ሥራ በተለየ ማስኮ፣ ማለትም በቀዳዳ ውስጥ ጥርስ በሚያወጣ መሣሪያ፣ አዲስ ጥርስ ይወጣለታል፤ የዚህ አዲስ ጥርስ የውጭ ስፋት 9.6 ሚሊሜትር ያህል ነው። በዚህ ውስጥ መስቀለኛ ቅርጹ አራት ማዕዘን ባለው የማይዝግ ብረት ሽቦ የተጠቀለለ ጥምዝ ይሽከረከርና ይገባል፤ የጥምዙ የውስጥ ገጽ እንደ ቀድሞው 8 ሚሊሜትር ብሎን ይቀበላል። አሉሚኒየሙ ጭነቱን የሚቀበልበት ዙሪያ ከ8 ወደ 9.6 ሚሊሜትር ስለሚያድግ፣ ማለትም በአንድ አምስተኛ ስለሚሰፋ፣ በደንብ የተሠራ ጥገና ከመጀመሪያው ጥርስ የበለጠ ይሸከማል እንጂ አያንስም። ጥምዙ ከገጹ በታች ከሩብ እስከ ግማሽ ዙር ያህል ጠልቆ መቅረት እንዳለበትና ማስገቢያው የሚይዘው የታችኛው ጅራት ተሰብሮ መውጣት እንዳለበትም ጨመሩ። ስህተቴን በመልሴ ተቀብዬ አመሰገንኳቸው።

ውይይቱ መልኩን የለወጠው በ3ኛው መልስ ነው። አንድ ሰው የሞተሩን የጎን ክዳን ተመሳሳይ ጉዳት ከብረት ዱቄት ጋር በተቀላቀለ ሁለት ክፍል ማጣበቂያ ሞልተው፣ ሲደርቅም ጥርስ አውጥተውለት ዓመታት እንደሠራላቸው ጻፉ። 4ኛው መልስ ቁጣ የተቀላቀለበት ነበር፤ የጎን ክዳን ዘይት እንዳይፈስ ይዘጋል፣ የፔርኖ ማቀፊያ ግን ጎማውን ከሰውየው ሕይወት ጋር ይዞ ይሮጣል፤ እነዚህን ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚመክር ሰው ከማንም በፊት ራሱ ነድቶ ይሞክረው አሉ። 5ኛው መልስ የማጣበቂያው ባለቤት መልስ ነው፤ እኔ ያየሁትን እንጂ ያላየሁትን አልመከርኩም ብለው ተከላከሉ። ነገሩ ሊከር ሲል በ6ኛው መልስ አንድ የአዳማ ባጃጅ ጠጋኝ በማለሳለስ ገቡበት። እሳቸውም ማጣበቂያን ለክዳን ይጠቀማሉ፤ ነገር ግን ለመሪና ለጎማ ክፍሎች አይነኩትም፤ ምክንያቱም ማጣበቂያው ሳይታይ ቀስ በቀስ ይለቅቃል፣ ብረት በብረት ላይ የወጣ ጥርስ ግን ከመልቀቁ በፊት በዳዶው መላላት ያስጠነቅቃል። እኔም በዚህ ላይ ከ4ኛው ጸሐፊ ጎን ነኝ፤ ቃላቸው ግን ሊለዝብ ይችል ነበር።

7ኛው መልስ ከአዲስ አበባ ነው። ጸሐፊው ከ30 ዓመት በላይ በቶርኖ ሥራ የቆዩ ባለሙያ ሲሆኑ፣ ቀሪው ውይይት ሁሉ በእሳቸው ሐሳብ ዙሪያ ስለዞረ ከዚህ በኋላ ሁላችንም ጋሼ እያልን ጠራናቸው። ጋሼ ሄሊኮይልን አልናቁም፤ ነገር ግን እሳቸው ባሉበት የተሟላ ኪቱን ማግኘት አስቸጋሪ ስለሆነ ለዓመታት የሠሩት በሌላ መንገድ ነው። መንገዱ ባለ ሁለት ደረጃ ብሎን መቁረጥ ነው፤ አሉሚኒየም ውስጥ የሚገባው ጫፍ 10 ሚሊሜትር፣ ዳዶው የሚገባበት ጫፍ ግን እንደ ቀድሞው 8 ሚሊሜትር ይሆናል። ቀዳዳው ወደ 10 ሚሊሜትር ሲሰፋ ማቀፊያው ሳይነካ፣ ዳዶውም ሳይለወጥ ሥራው ያልቃል። ለጥሬ ዕቃ የሚመርጡት ራሱ ላይ 8.8 የሚል ምልክት ያለበትን የከባድ መኪና ብሎን ነው፤ ከየትም የተገኘ ለስላሳ ዘንግ ለዚህ እንደማይሆን፣ በሁለቱ ውፍረቶች መገናኛ ላይም ስንጥቅ እንዳይጀምር ስለታም ማዕዘን ሳይሆን ክብ ሽግግር መተው እንዳለበት አጥብቀው አስጠነቀቁ።

እዚያው መልስ ውስጥ ጋሼ ያቀረቡት ስሌት ለእኔ ከሁሉ የላቀ ትምህርት ነበር። ብዙ ጠጋኞች ቀድሞ የሚያስቡት ውጪውም ውስጡም ጥርስ ያለው ቡሽ፣ ማለትም አጭር የብረት ቧንቧ፣ ቆርጦ ማስገባትን ነው። የቡሹ ውጪ 10 ሚሊሜትር በ1.25 የጥርስ ርቀት ቢሆን፣ የጥርሱ ሥር 8.5 ሚሊሜትር አካባቢ ስለሚደርስና ውስጡ ደግሞ 8 ሚሊሜትር ስለሚወጣለት፣ በመካከል የሚቀረው ግድግዳ የሚሊሜትር ሩብ እንኳ አይሞላም፤ ያ ቡሽ ሳይሆን ወረቀት ነው። ስለዚህ ቡሽ የሚፈልግ ሰው ውጪውን ወደ 12 ሚሊሜትር ለማድረስ ይገደዳል፤ 12 ሚሊሜትር ደግሞ በእንደዚህ ያለ ጠባብ የሹካ ጫፍ ላይ የሚቀረውን አሉሚኒየም ይበላዋል። ቡሽ ሰፊ ሥጋ ባለው የሞተር አካል ላይ ጥሩ ሆኖ ሳለ እዚህ ቦታ ላይ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ከሄሊኮይልና ከባለ ደረጃው ብሎን አንዱን ከመምረጤ በፊት በቀዳዳው ዙሪያ የቀረውን ሥጋ በካሊፐር እንድለካ አዘዙኝ።

በ8ኛው መልስ በአርጎን ብየዳ ቀዳዳውን ሞልቶ እንደገና መብሳት የሚል ሐሳብ ቀረበ። 9ኛው የጋሼ መልስ አጭር ነበር። እግሩ ለ50 ዓመት ዘይት ሲይዝ የኖረ አሉሚኒየም ስለሆነ በቀዳዳዎቹ የሰረገው ዘይት ብየዳውን ያረፋዋል፤ ሙቀቱም የፔርኖው ግማሽ ክብ የሚያርፍበትንና የሹካው ቧንቧ የሚንሸራተትበትን ልክ ያዛባል። ብየዳ ብሎኑ የሚገባበት ጆሮው ለተሰበረ እግር የመጨረሻ መጠጊያ ነው እንጂ ለተበላ ጥርስ አይደለም።

10ኛው መልስ ከርዕሱ ጥቂት ወጣ አለ። በቦሎኛ የሚኖሩ አንድ ወገናችን፣ በዚህ ውይይት ከተጠቀምንባቸው ስሞች የበዙት ጣሊያንኛ መሆናቸውን አስተዋሉ። ብሎን፣ ዳዶ፣ ቶርኖ፣ ፔርኖ፣ ፑንታ ሁሉ ከዚያው ናቸው። ዳዶ በጣሊያንኛ የመጫወቻ ዛርም ስም ነው፤ ማስኮ ወንድ ማለት ነው፤ እኛ ራስ አልባ ብሎን እያልን በሁለት ቃል የምንጠራውን ደግሞ ጣሊያኖቹ እስረኛ በሚል ቃል ይጠሩታል፤ አንድ ጫፉ በብረቱ ውስጥ ታስሮ ስለሚቀር ይመስላል። 11ኛው መልስ ግን ይህ የቋንቋ ትምህርት ቤት አይደለም የሚል ተግሣጽ ነበር። እኔ በበኩሌ ጸሐፊውን አመስግኛቸዋለሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ሆኜ አዲስ አበባ ካለ ባለሙያ ጋር ስነጋገር ሁለታችን በአንድ ስም አንድ ዕቃ ካላሰብን የተሳሳተ ፑንታ እገዛለሁ፤ በአሉሚኒየም ላይ በተሳሳተ ፑንታ የተበሳ ቀዳዳ ደግሞ አይመለስም።

የውይይቱን አቅጣጫ የለወጠችው የ12ኛው መልስ ባለቤት ናት። በሃይፋ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ የሆነች እኅታችን፣ እስካሁን በ11 መልሶች ጥርሱ እንዴት እንደሚጠገን ሲጻፍ አንድም ሰው ለምን እንደተበላ አለመጠየቁ እንዳስገረማት በግልጽ ጻፈች። ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚሠራ ጥገና በዚያው ምክንያት ይፈርሳል። ሁለት ነገር ጠየቀችኝ፤ የወጣውን ብሎን ጥርስ በማበጠሪያ መሳይ መለኪያ እንድለካና ዳዶውን በየትኛው ቁጥር መፍቻ እንደፈታሁ እንድነግራት።

ሁለተኛውን ጥያቄ ሳነበው ነገሩ ገባኝ። ሦስቱን ዳዶዎች የፈታሁት በ12 ቁጥር መፍቻ ነው፤ አራተኛው ግን በ12 አልገባ ብሎኝ በ13 ፈትቼዋለሁ፤ 13ቱም ትንሽ ይወላከፍ ነበር። በዚያን ጊዜ ምንም አላሰብኩም። በ13ኛው መልስ ልኬቱን ይዤ ተመለስኩ፤ ብሎኑ 8 ሚሊሜትር አልነበረም። ውፍረቱ 7.9፣ ጥርሱም በአንድ ኢንች ውስጥ 18፣ የዳዶው ስፋት 12.7 ሚሊሜትር፣ ማለትም ግማሽ ኢንች ነበር። ከእኔ በፊት ጎማውን የቀየረ አንድ የጥገና ቤት የጠፋውን ብሎን አሜሪካ ውስጥ በየሱቁ በሚገኘው የአምስት አሥራ ስድስተኛ ኢንች ብሎን ተክቶት ኖሯል።

ይህ ስህተት ለዓይን የማይታየው ሁለቱ ብሎኖች ጎን ለጎን ሲቀመጡ መንትያ ስለሚመስሉ ነው። አምስት አሥራ ስድስተኛ ኢንች 7.94 ሚሊሜትር ነው፤ ከ8 ሚሊሜትር የሚለየው በጸጉር ያህል ነው። ልዩነቱ ያለው ከጥርስ እስከ ጥርስ ባለው ርቀት ላይ ነው፤ የሚሊሜትሩ 1.25፣ የኢንቹ ደግሞ 1.41። በ10 ሚሊሜትር ርዝመት ውስጥ አንዱ 8 ጥርስ ሲኖረው ሌላው 7 ብቻ አለው። የኢንቹ ብሎን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወይም ሦስት ዙሮች በጣት ይገባል፤ ከዚያ በኋላ በመፍቻ ሲገፋ ብረቱ አሉሚኒየሙን እያረሰ ለራሱ መንገድ ይከፍታል። ጠባቂው ሰው የሚሰማው ጥንካሬ የመጥበቅ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን የጥርስ መታረድ ነው።

14ኛው መልስ መራራ ነበር፤ አሮጌ ሞተር ገዝቶ እያንዳንዱን ብሎን ሳይፈትሽ ወደ መንገድ የሚወጣ ሰው ሌላውን መውቀስ እንደማይችል ተጽፎብኝ ነበር። ቃሉ ቢጎረብጠኝም ፍሬ ነገሩን አልክድም። 15ኛው ጸሐፊ ለእኔ ተቆርቁረው፣ ለሥራው ገንዘብ የተቀበለው የጥገና ቤቱ ነው ብለው መለሱላቸው። 16ኛው መልስ ደግሞ ከለንደን የመጣ ሲሆን፣ የድሮ ትራያምፍና ቢኤስኤ ሞተር ሳይክል ያላቸው ሰዎች የሚሊሜትርና የኢንች ብቻ ሳይሆን የማዕዘንም ችግር እንዳለባቸው ጠቆመ። ጆሴፍ ዊትወርዝ በ1841 ባቀረበው የእንግሊዝ ደረጃ የጥርሱ ማዕዘን 55 ዲግሪ ሲሆን የሚሊሜትሩና የአሜሪካው 60 ዲግሪ ነው፤ ስለዚህ የጥርስ ቁጥሩ ሲገጥም እንኳ ሁለቱ ጥርሶች በሙሉ ገጻቸው ላይቀመጡ ይችላሉ። የእንግሊዝ ሞተር ያለው ሰው የእኔን የፑንታ ቁጥሮች ገልብጦ እንዳይሠራ።

17ኛው መልስ ረጅም ነበር፤ እኔም ከሁሉ አብልጬ ደጋግሜ ያነበብኩት እሱን ነው። በዴንቨር የሚኖሩት ጸሐፊ ተመሳሳይ ሲቢ 750 ለ20 ዓመት የነዱ ሲሆን፣ ከኢንቹ ብሎን ሌላ ሁለተኛ ምክንያት እንዳለ ጠረጠሩ። ይህ ማቀፊያ ሲጠብቅ በሁለቱም በኩል እኩል እንዲገጥም የታሰበ አይደለም። መጀመሪያ የፊተኛው ዳዶ እስከ ልኩ ይጠብቃል፤ በዚያ በኩል ማቀፊያው ከእግሩ ጋር ያለ ክፍተት ይገናኛል። ከዚያ የኋለኛው ይጠብቃል፤ በኋላ በኩል ግን ትንሽ ክፍተት ይቀራል፣ መቅረትም አለበት፤ ፔርኖውን ጨብጦ የሚይዘው ያ ክፍተት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ክፍተቱን ሲያይ ያልጠበቀ መስሎት እስኪዘጋ ድረስ ይጎትታል፤ ማቀፊያው እንደ ማንሻ ሆኖ ጉልበቱን ሁሉ በኋለኛው ብሎን ላይ ይጥለዋል፤ ብሎኑ ወይ ይለጠጣል፣ ወይ ይበጠሳል፣ ወይ የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይዞ ይወጣል። ለ8 ሚሊሜትር ዳዶ የተለመደው የማጥበቂያ ጉልበት ልክ ከ18 እስከ 25 ኒውተን ሜትር ብቻ መሆኑን፣ በረጅም መፍቻ የሚሠራ ሰው ግን ሳይታወቀው የዚህን እጥፍ እንደሚሰጥ አስታወሱኝ። የተበላው የእኔ ብሎን የኋለኛው ነው። ጎማውን ስመልስም ክፍተቱን ለመዝጋት ስታገል እንደነበር በ18ኛው መልስ ሳልደብቅ ጻፍኩ።

በዚሁ መልስ የመረጥኩትን ዘዴም ገለጽኩ። ከቀዳዳው እስከ ውጭው ገጽ ያለው ሥጋ ለሁለቱም መንገድ ይበቃ ነበር፤ ነገር ግን ሄሊኮይልን መረጥኩ። የተበላው ቀዳዳ ራሱ 8 ሚሊሜትር ያህል ሰፍቶ ስለነበር 8.3 ፑንታ በየጎኑ የሚነካው ከሚሊሜትር አንድ አምስተኛ ያነሰ ነው፤ አሉሚኒየሙን ለነገም ያተርፈዋል። ጥምዙ አንድ ቀን ቢበላሽ ወደ ጋሼ ባለ ደረጃ ብሎን መሄድ ይቻላል፤ ከ10 ሚሊሜትር ወደ ኋላ መመለስ ግን አይቻልም። ጋሼ በ19ኛው መልስ በዚህ ተስማሙ፤ ቅድመ ሁኔታቸው ግን በእጅ ትራፓኖ እንዳልበሳ ነበር።

ሥራውን የሠራሁት በሁለት ቅዳሜ ነው። ዘይቱን አፍስሼ የግራውን እግር ከሹካው ቧንቧ ሙሉ በሙሉ አወጣሁት፤ ሞተሩ ላይ እንዳለ ቀጥ አድርጎ መብሳት አይቻልም። እግሩን ገልብጬ፣ የማቀፊያው መቀመጫ ወደ ላይ ሆኖ፣ በቋሚ ትራፓኖ ሥር በእንጨት ድጋፍና በሞርሳ አሰርኩት። ያ መቀመጫ በፋብሪካ የተስተካከለ ገጽ ስለሆነ ለፑንታው ቀጥታነት መለኪያ ያደረግኩት እሱን ነው፤ ፑንታው ወደ ፔርኖው ግማሽ ክብ ቢያዘነብል መመለሻ አልነበረውም። የፑንታውን ጥልቀት በቴፕ ምልክት አድርጌ የቀዳዳው የታች ወለል እንዳይበሳ ተጠነቀቅኩ። ማስኮውን በላምባ እያራስኩ፣ ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ሩብ ዙር ወደ ኋላ እያልኩ በእጄ አወረድኩት፤ አሉሚኒየም ለስላሳ ስለሆነ ፍቅፋቂው በማስኮው ላይ ይጣበቅና አዲሱን ጥርስ ይቀድዳል፤ ስለዚህ አራት ጊዜ አውጥቼ አጠራሁት። ቀዳዳው ማዶ የማይወጣ በመሆኑ ጫፉ ሾጣጣ በሆነው ማስኮ ከጀመርኩ በኋላ ጫፉ ደልዳላ በሆነው መጨረስ ነበረብኝ። ያስገባሁት ጥምዝ 16 ሚሊሜትር፣ የብሎኑን ውፍረት ሁለት እጥፍ ያህል ርዝመት ያለው ነው።

ፎቶግራፉን ስለጥፍ ከዱባይ የመጣው 20ኛው መልስ አንድ ጥያቄ አነሣ፤ በማይዝግ ብረትና በአሉሚኒየም መካከል እርጥበትና ጨው ሲገባ አሉሚኒየሙ ስለሚበላ ለምን ፀረ መጣበቅ ቅባት አልቀባህም የሚል። 21ኛው መልስ ተቃወመ፤ ቅባት በዳዶው ጥርስ ላይ ከተቀባ ጉልበት በሚለካው መፍቻ ላይ የሚነበበው ቁጥር ይዋሻል አለ። ሁለቱም እውነት አላቸው። በመፍቻ ከምንሰጠው ጉልበት 90 በመቶ ያህሉ በዳዶው ሥርና በጥርሶቹ መካከል ባለው ሰበቃ ያልቃል፤ ብሎኑን ወጥሮ የሚይዘው 10 በመቶው ብቻ ነው። ሰበቃው በቅባት ሲቀንስ ያው 20 ኒውተን ሜትር ብሎኑን ከታሰበው በላይ ይወጥረዋል። የሃይፋዋ እኅታችን በ22ኛው መልስ ክርክሩን ዘጋችው፤ ብሎኑ በጥምዙ ውስጥ በሚገባበት ጫፍ ጥርስ የሚይዝ መካከለኛ ሙጫ ይቀባ፣ ሙጫው እርጥበቱንም ያግዳል፤ የዳዶው ጫፍ ግን ንጹሕና ደረቅ ይሁን። እንዳለችው አደረግኩ። ብሎኑ ከታች ካልተያዘ ዳዶው በተፈታ ቁጥር አብሮ ይወጣና ጥምዙን ያዳክመዋል።

በ23ኛው መልስ ውጤቱን ጻፍኩ። አዲሱን የ8 ሚሊሜትር ብሎን አስገብቼ፣ የፊተኛውን ዳዶ አስቀድሜ የኋለኛውን አስከትዬ ሁለቱንም በ20 ኒውተን ሜትር አጠበቅኩ፤ ክፍተቱ በኋላ በኩል ቀጭን መስመር ሆኖ ቀረ። በሰፈሬ ጸጥ ባለ መንገድ ለጥቂት ቀን በዝግታ ከነዳሁ በኋላ መፍቻውን ስመልስበት ዳዶዎቹ አልተነቃነቁም።

24ኛው መልስ የጋሼ ነው። ስለ ግራው እግር ደስ ብሏቸው፣ የቀኙን ክፍተት አይተህ ታውቃለህ ወይ ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ወዲያው ወደ ጋራዥ ወርጄ በባትሪ ብርሃን አየሁት፤ የቀኙ ማቀፊያ በፊትም በኋላም ተዘግቷል። ዳዶዎቹን ፈትቼ ብሎኖቹን ስለካ የኋለኛው የሚሊሜትር ብሎን ቢሆንም በመካከሉ ቀጥኗል፤ የጥርስ መለኪያውም ከአምስተኛው ጥርስ በኋላ አልቀመጥ አለ። ተለጥጧል ማለት ነው። የእግሩ ጥርስ ገና ደህና ነው። ሁለት አዲስ ብሎኖች አዝዣለሁ፤ እስኪደርሱ ድረስ ሞተሩ በመቆሚያው ላይ፣ የፊት ጎማው ወጥቶ ቆሟል።